የታመመ አበባን መርምሮ ማከም
በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ሳምንት ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር



የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ ስለ ጓሮ አበባ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እዚህ ናይሮቢ ከምናውቃቸው ቤተሰቦች መካከል አንድ መደብ አበባ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ግቢ የሌለው በረንዳ ላይ፣ በረንዳ የሌለው መስኮት ሥር በቆርቆሮ ይተክላል። ታዲያ በየሰንበቱ ከቡና በኋላ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ "አበባዬ ታመመ፣ ምን ልርጭበት?"

የዛሬው ንግግሬ መልስ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከመርጨታችን በፊት እንመርምር። ይህን የተማርኩት ግን ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከስህተቴ ነው። ስህተቴንም በቅድሚያ ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በናይቫሻ በኩል በአበባ እርሻ ለ14 ዓመታት ሠርቻለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቼ ከእኛ ጋር እንድትኖር አደረግሁ። ቤታችን በሞምባሳ መንገድ በኩል፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ነው። እናቴ ስዋሂሊ አታውቅም፣ ጎረቤት የላትም፣ እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን። ስለዚህ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችውን መደብ ያዘች። 40 የፔቱኒያ ችግኝ ተከለችባት። ጠዋት ከአበባዎቹ ጋር ቡናዋን ትጠጣለች፣ ማታ ስገባ የምትነግረኝ የቀን ውሎ የእነሱ ውሎ ነበር።

በሐምሌ ወር እናቴ ለሁለት ሳምንት እህቴ ዘንድ ካምፓላ ሄደች። አደራውን ለእኔ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን አበባዎቹ ጠወለጉ። እኔም ባለሙያ ነኝና ጊዜ አላጠፋሁም፤ ውሃ በጠዋትም በማታም አጠጣሁ። አልተሻላቸውም። ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰባቸው። ከሥራ ቦታ የማውቀውን የሻጋታ መድኃኒት ገዝቼ ቅጠሉን ረጨሁ። እናቴ ስትመለስ ከ40ው 31ዱ ሞተው ነበር።

እናቴ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ አንዱን የጠወለገ ተክል ከነሥሩ ነቅላ በእጄ ላይ አኖረችው። ሥሩ ቡናማ ሆኖ፣ ስነካው ልባሱ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ፤ ውስጡ ክር ብቻ ቀረ። ሽታውም የረግረግ ሽታ ነበር።

"ልጄ፣" አለችኝ፣ "ይሄ ውሃ ጠምቶት ሳይሆን ውሃ ሰጥሞ ነው የሞተው። ሳትጠይቀው ነው እንዴ መድኃኒት የምትሰጠው?"

ያን ዕለት ማታ ራቷን አልበላችም። "እንግዲህ ወደ አገሬ ልሂድ፣ እዚህ ምን እሠራለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ነው አንድ መደብ አበባ ለአንድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ምን ነበር የሆነው? ጥቁሩ አፈር፣ አገር ቤት መረሬ የምንለው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ግን ውሃውን ይዞ አይለቅም። የናይሮቢ ሐምሌ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ ዝናብ የሚያወርድ አይደለም፤ ደመናማና ቀዝቃዛ ነው፣ ፀሐይ ስለሌለ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። በእርጥብ አፈር ውስጥ ሥር አየር ያጣል፣ ሥር አበስብስ በሽታም ይገባበታል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። እኔ የጨመርኩት ማዳበሪያም የተረፈውን ሥር አቃጠለው። ቅጠል ላይ የረጨሁት መድኃኒት ደግሞ ሥር ውስጥ ካለው በሽታ ጋር አልተገናኘም። ሦስት ሕክምና፣ ሦስቱም ያለ ምርመራ።

የመመርመሪያ ቅደም ተከተል

ከዚያ ወዲህ የታመመ አበባ ስመለከት አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል አያለሁ። አምስቱም መሣሪያ አያስፈልጋቸውም።

አንደኛ፣ አፈሩን በጣት ማየት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ አፈሩ አስገቡ። ደረቅ ከሆነና ተክሉ ከጠወለገ ውሃ ጠምቶታል፤ ሥሩ ድረስ አጠጡት፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀና ይላል። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ግን ውሃ አትጨምሩ። በቀትር ፀሐይ ብቻ ጠውልጎ ማታ የሚነሣ ተክል አልታመመም፣ አትንኩት።

ሁለተኛ፣ ስርጭቱን ማየት። በመደቡ ላይ ያሉት የተለያዩ ዓይነት አበባዎች ሁሉ በአንድ ቀን ከተጎዱ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ውሃ፣ ፀሐይ፣ ማዳበሪያ ወይም የተረጨ ነገር ነው። ከአንድ ተክል ጀምሮ በየቀኑ ወደ ጎረቤቱ የሚሄድ ከሆነና አንዱን ዓይነት ብቻ ከመረጠ ግን በሽታ ወይም ተባይ ነው። ቅጠሉ እንደ ጥምጥም የተጠማዘዘ ካያችሁ ደግሞ የአረም ማጥፊያ በተረጨበት መርጫ አበባውን ረጭታችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ለአረም መድኃኒት የተለየ መርጫ ይኑራችሁ።

ሦስተኛ፣ የትኛው ቅጠል እንደታመመ ማየት። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሲሆን አንድ ነገር ነው፣ የላይኛው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት። ተባይ የሚደበቀው ከቅጠሉ ጀርባ ነው። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዛችሁ ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ብናኝ መራመድ ከጀመረ፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው።

አምስተኛ፣ አንዱን ሠውቶ ሥሩን ማየት። ይህ ለብዙዎቻችን ይከብደናል። ነገር ግን አንዱን ነቅሎ ማየት ሠላሳውን ያድናል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። ቡናማና የሚላጥ ከሆነ ሥር አበስብስ ነው። ሥሩ ራሱ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሮ ካበጠ በአፈር ውስጥ ያሉ ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ትሎች ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንደ ስዊት ፒ ያሉ የአተር ዘመድ የሆኑ አበባዎች ሥር ላይ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች ጤና ናቸው፤ በጣት ሲነኩ ይረግፋሉ። የኔማቶድ እብጠት ግን የሥሩ አካል ስለሆነ አይረግፍም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙን ችግሮችና መፍትሔያቸው

አሁን ከእናንተ የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

"ቡቃያው በቀለና በአንድ ሌሊት ተኝቶ አደረ።" ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ የቡቃያ በሽታ ነው፤ በአፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ያመጣዋል። የወደቀው አይነሣም። የተረፈውን ለማዳን ውሃ ቀንሱ፣ ክዳኑን አንሡ፣ አየርና ብርሃን ስጡት። ለሚቀጥለው ጊዜ የዘር ሳጥኑን 1 እጅ በረኪና፣ እዚህ ጂክ የምንለውን፣ በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ ዘሩን አራርቃችሁ ዝሩ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ።

"ግንዱ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል።" ይህ በሽታ አይደለም፣ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይበላል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። በተቆረጠው ተክል ዙሪያ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ለቀሪዎቹ ችግኞች ከወፍራም ወረቀት ቀለበት ሠርታችሁ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብራችሁ አልብሷቸው። ይህን ሥራ ለልጆች ስጧቸው፣ ከእኛ ይበልጣሉ።

"ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።" ቢጫነቱ ከታች ከአሮጌው ቅጠል ከጀመረና ተክሉ ከቀጨጨ ናይትሮጅን አንሶታል፤ የበሰለ ኮምፖስት ወይም በውሃ የተበጠበጠ ቀላል ማዳበሪያ ይበቃዋል። ከላይ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር መሳብ አቅቶታል። ፔቱኒያ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ብረት ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም፤ አፈሩ ኮምጣጣነቱን ስላጣ ወይም ሥሩ በእርጥበት ስለተጎዳ ነው። እናቶቻችን በልማድ የከሰል አመድ መደቡ ላይ ይደፋሉ፤ አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ፔቱኒያ ያለበት መደብ ላይ አመድ አትድፉ። ከአግሮቬት ሱቅ የብረት ኬሌት ገዝታችሁ እንደ መመሪያው ብታጠጡት አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

"ዚኒያው ላይ ዱቄት የተነፋ ይመስላል።" ይህ በአበባ እርሻ ፓውደሪ ሚልዲው የምንለው ሻጋታ ነው። ከሌሎች ሻጋታዎች የሚለየው ቅጠሉ ውሃ ባይነካውም መውጣቱ ነው፤ የተጨናነቀና ጥላ ያለበት ቦታ ይወዳል። የታመሙትን ቅጠሎች ቅጠፉ፣ ተክሎቹን አራርቁ። ገና ሲጀምር 1 እጅ ወተት በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ በፀሐይ ቀን መርጨት በዱባ ዝርያዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ በቤት ለሚገኝ ጥቂት ተክል ሊሞከር የሚችል ነው። ከባሰ ድኝ ያለበት መድኃኒት ይሠራል፤ በኃይለኛ ፀሐይ ሰዓት ግን አይረጭም፣ ቅጠሉን ያቃጥላል።

"አበባው ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጣ።" ይህ በቀዝቃዛው ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ይበዛል። የሚጀምረው በሞተ አበባ ላይ ነው። ስለዚህ የጠወለገውን አበባ በየሁለት ቀኑ መቅጠፍ ከመድኃኒት ሁሉ ይበልጣል። ውሃም ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ ማታ ሳይሆን ጠዋት ይጠጣ።

"ቅጠሉ ተኮማተረ፣ ይጣበቃል።" ገልብጡት፤ ክሽክሽ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠቡት። ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም። በቅድሚያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ በሳምንቱ ይደገም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሙዋሩባይኒ፣ ማለትም "የአርባው"፣ የሚሉት የኒም ዛፍ ዘይትም በየአግሮቬቱ ይገኛል፤ ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ ይረዳል።

"ቅጠሉ ዝንጉርጉር ሆነ፣ አበባው ተበላሸ።" ይህ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ለቫይረስ መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ አታስገቡት። ፔቱኒያ የትምባሆ ዘመድ ስለሆነ የትምባሆ ቫይረስ ይይዘዋል፤ በእጅም ይተላለፋል። ሲጋራ የምታጨሱ ወንድሞች አበባ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ማጨሱን ብትተዉት ደግሞ ለእናንተም ለፔቱኒያውም ይሻላል።

"ሥሩ ተቋጥሯል ብለኸናል፣ ምን እናድርግ?" ለኔማቶድ በቤት ውስጥ የሚመከር መርዝ የለም። የታመሙትን ነቅላችሁ አስወግዱ። ከዚያ በመደቡ ሙሉ የፈረንሳይ ማሪጎልድ የሚባለውን አጭሩን ማሪጎልድ አጠጋግታችሁ ለአንድ ወቅት ዝሩበት። ሥሩ ኔማቶዱን ይቀንሳል፤ አንድ ሁለት ተክል ጣል ማድረግ ግን አይበቃም።

ስለ መድኃኒት አያያዝ

ውድ ወላጆች፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የእርሻ መድኃኒት ከራሱ ጠርሙስ አይወጣም። "ለጎረቤት ትንሽ ላካፍላት" እያልን በሶዳና በውሃ ጠርሙስ ስናዞር አይቻለሁ። ልጅ የሶዳ ጠርሙስ ሲያይ የሚያውቀው ሶዳ ነው። አበባ ለማዳን ብሎ ልጅን የሚያሳጣ ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። መድኃኒቱን በተቆለፈ ቦታ፣ ከነጽሑፉ አስቀምጡ። መጠኑን በግምት አትጨምሩ፤ በእጥፍ መርጨት በእጥፍ አያድንም። ጓንት አድርጉ፣ ከረጫችሁ በኋላ ልብስ ቀይሩ። አበባ በፈካበትና ንብ በምትቀስምበት ሰዓት አትርጩ። አንድ ሰው መድኃኒት ከዋጠ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፤ በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉት።

ሁሉም ቢጫ በሽታ አይደለም

አንድ የመጨረሻ ነጥብ አለኝ። ፔቱኒያ፣ ዚኒያ፣ ማሪጎልድ፣ ኮስሞስ እንደ ዛፍ የሚኖሩ አይደሉም፤ በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበው፣ ዘር ሰጥተው ያልፋሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን በጭንቀት ደውላልኝ ቤቷ ሄድኩ። እናቴም አብራኝ ነበረች። ማሪጎልዱ ከታች እስከ ላይ ደርቋል። እኔ አፈሩን፣ ቅጠሉን፣ ሥሩን በቅደም ተከተሉ ስመረምር እናቴ አንዱን የደረቀ አበባ ቀጥፋ በመዳፏ ፈተገችው። ጥቁርና ነጭ ዘሩ እጇን ሞላው።

"ይኼ አልታመመም፤ ሥራውን ጨርሶ ነው" አለች። ዘሩን በወረቀት ጠቅልላ ለባለቤቷ ሰጠቻት። ደርሶ ያለፈን አበባ በመድኃኒት ለማቆየት መሞከር ድካም ነው፤ ዘሩን ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው ሕክምናው።

ከአገር ቤት የአደይ አበባ ዘር በሻንጣ ላምጣ ወይ የምትሉኝም አላችሁ። ናፍቆቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከዘር ጋር በሽታና ተባይ ስለሚሻገር፣ ዘር ወደ ኬንያ ለማስገባት ከዕፅዋት ጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ፣ ከኬፊስ፣ የማስገቢያ ፈቃድና ዘሩ ከሚነሣበት አገር የጤንነት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ያንን ካላሟላችሁ አታምጡ። በነገራችን ላይ እዚህ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ልብሳችን ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዘመድ አልጠፋም ማለት ነው።

ለእንቁጣጣሽ ግቢያችን ቢጫ እንዲለብስ ከፈለግን ቢጫ ማሪጎልድና ቢጫ ኮስሞስ ሰኔ 20 ገደማ፣ በፈረንጆቹ ጁን 27 አካባቢ፣ በሳጥን እንዝራ። እስከ መስከረም 1 ድረስ 11 ሳምንት ያህል ይኖራቸዋል፤ የሐምሌ ብርድ ቢያዘገያቸውም ይደርሳሉ። ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ ጉዝጓዝ ጨምሩበት፤ ውሃውን ቶሎ እንዳያጣ።

የእናቴን ነገር ሳልጨርስ እንዳልቀር። የቀሩትን 9 ፔቱኒያዎች ነቅላ የበሰበሰውን ሥር በመቀስ ቆርጣ፣ ሥራቸው በተበሳ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ በአዲስ አፈር ተከለቻቸው። ውሃ እንዳላጠጣ እጄን ከለከለችኝ። 6ቱ ተነሡ። መደቡንም ድንጋይ ለቅመን አብረን ከፍ አደረግነው። ወደ አገሬ ልሂድ ማለቷም ከዚያ ወዲህ ቀረ፤ አሁን የምትለው "ዘሩ ሳይደርስ የትም አልሄድም" ነው። ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስሕተቴን ስናገር ትስቃለች።

በየቤታችን እንደ እሷ ከአገር የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። በዚህ ማኅበር አዳራሽ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መደብ ለእነሱ እንስጣቸው፤ ልጆቻችንም ከሥራቸው ተቀምጠው ቅጠል መገልበጥ ይማሩ። ቅጠል የመገልበጥ ልማድ ያለው ልጅ፣ አበባየሆሽ ሲዘፍን በእጁ የያዘው አበባ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ጥያቄ ያለው ሰው የታመመውን ተክል ከነሥሩ ይዞ ይምጣ፤ ከቡናው በኋላ አብረን እንመረምረዋለን።